እውነተኛ ደስታ፦ ከከተማው ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማታ ማታም አዲስ አበባ ዳር ባለው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ተቀምጠን ጎረቤቶቼ ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው፤ የምመልሰውም እንደ አንድ ሰንበት ተማሪ እንጂ እንደ መምህር አይደለም።

ደስታ ስንል ምን ማለታችን ነው?

አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አላነሰውም። ደስታ አለ፣ ሐሴት አለ፣ ፍሥሐ አለ፣ ተድላ አለ። መጽሐፍ ቅዱስ ግን አጥብቆ የያዘው ሌላ ቃል አለ፤ «ብፁዕ» ይለዋል። መዝሙረ ዳዊት የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነው። ጌታም በተራራው ላይ ሲያስተምር አፉን የከፈተው «ብፁዓን» ብሎ ነው (ማቴዎስ 5)። እኛ ቃሉን የምንሰማው ከጳጳሳት ስም በፊት ስለሆነ የእነሱ ማዕረግ ብቻ ይመስለናል። መንገድ ዳር ጎመን ለምትሸጠውም ሴት ተብሏል።

ብፁዓን የተባሉት እነማን እንደሆኑ ደግሞ ልብ በሉ። በመንፈስ ድሆች የሆኑ፣ የሚያዝኑ፣ የዋሆች፣ ጽድቅን የሚራቡ፣ የሚምሩ፣ ልበ ንጹሖች፣ የሚያስተራርቁ፣ የሚሰደዱ። የሚያዝን ሰው እንዴት ደስተኛ ይባላል? ነገሩ የስሜት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ጨርሶ አያስኬድም ነበር። የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሁለተኛ አጋማሽ ስታነቡ ግን ይገባችኋል። «መጽናናትን ያገኛሉና»፣ «እግዚአብሔርን ያዩታልና»፣ «የእግዚአብሔር ልጆች ይባላሉና» ይላል። የተመዘነው ሰውየው ከማን ጋር እንዳለ ነው። እኔ ይህን ካየሁ ወዲህ «መቼ ነው ደስ የሚለኝ?» ማለቱን ትቼ «ከማን ጋር ነኝ?» ማለት ጀምሬአለሁ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ዞረው ዞረው እዚያው ይገባሉ።

በዓለም ነገር መደሰት ኃጢአት ነው?

አይደለም። ጌታ የመጀመሪያውን ተአምር ያደረገው ሠርግ ቤት ነው፤ በየዓመቱ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ብለን የምናከብረው ይኼንኑ ነው። የወይን ጠጅ አለቀ ተባለ። እሱም ስድስት የድንጋይ ጋን ሙሉ ውኃ ለወጠላቸው። እያንዳንዱ ጋን ሁለት ወይም ሦስት እንስራ ይይዝ ነበር ይላል ዮሐንስ። ለአንድ ሠርግ ያውም ለመጨረሻው ሰዓት ይህ ትንሽ መጠን አይደለም!

ስለዚህ አርሰናል ሲያሸንፍ ብትጮህ ንስሐ አያስገባህም። (ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ መጮህህ ጎረቤት የሚያስቀይም ሌላ ጉዳይ ነው።) ችግሩ የሚመጣው ትንሿን ደስታ የትልቁን ሸክም ስናሸክማት ነው። ኳስ የዘጠና ደቂቃ ደስታ ነው። ሕይወቴን ሁሉ ያዝልኝ ስትለው ይጥልሃል።

ቤት ቢደርሰኝ ወይ ዲቪ ቢወጣልኝ ደስተኛ አልሆንም?

ትሆናለህ። ለምን እዋሻለሁ? እኔ በ1997 ከተመዘገቡት ነኝ። ስሜ ዕጣ የደረሳቸው ዝርዝር ውስጥ የታየ ቀን እናቴ እልል ስትል ግቢው በሙሉ ወጣ። ለሁለት ሳምንት ያህል መሬት አልረገጥኩም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቁልፍ ስቀበልማ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ ኑሮ ጀመረ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ውኃ በፈረቃ ነው፤ ጄሪካን ተሸክመህ ትወጣለህ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተህ ታክሲ ትሰለፋለህ፤ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እኛው አፍንጫ ሥር ነው፣ ወደ መሀል ከተማ ለመግባት ግን ሁለት ሰዓት ይፈጅብናል። ስድስት ወር ሳይሞላኝ «ምነው ጀሞ በደረሰኝ» ማለት ጀመርኩ። አስቡት፣ ለዓመታት የለመንኩት ቤት ውስጥ ተቀምጬ በሰው ቤት ቀናሁ። መክብብ ምዕራፍ 2 ላይ አንድ ሰው ቤት ሠራሁ፣ ወይን ተከልሁ፣ ብርና ወርቅ ሰበሰብሁ ካለ በኋላ ነፋስን እንደ መከተል ሆነብኝ ይላል። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሰውየው ይህን ያለው አጥቶ አልነበረም።

ሉቃስ 12 ላይ ያለውን ሀብታም ደግሞ ደጋግማችሁ አንብቡት። እርሻው ብዙ ፍሬ ሰጠው። ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ አሰበ። ምሳሌው ውስጥ ሰውየው የሚያወራው ከማን ጋር ነው? ከራሱ ጋር ብቻ! «ነፍሴን፦ አንቺ ነፍስ… እላታለሁ» ይላል። ሚስት የለችም፣ ጎረቤት የለም፣ እህሉን ያጨደለት ሠራተኛ እንኳ አይነሣም። መጀመሪያ ያናገረው እግዚአብሔር ነው፤ ያውም በዚያች ሌሊት። እኛ ይህን ምሳሌ ስለ ገንዘብ ብቻ አድርገን ነው የምንሰብከው። እኔ ግን የሰውየው ብቸኝነት ነው የሚያስፈራኝ።

«ገንዘብ ደስታ አይገዛም» የሚሉኝ ገንዘብ ያላቸው ናቸው። እኔ ምን ልበል?

ልክ ነህ በል። መጽሐፉ ድህነትን አያቆነጅም። ምሳሌ 30 ላይ አንድ ጸሎት አለ፤ ድህነትንም ባለጠግነትንም አትስጠኝ፣ የሚያስፈልገኝን እንጀራ ስጠኝ ይላል። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ ከጠገብሁ እክድሃለሁ፣ ከደኸየሁ እሰርቃለሁ አለ። ይህን ያህል ሐቀኛ ጸሎት ብዙ አላየሁም። ያዕቆብም በመልእክቱ፣ የታረዘና የዕለት ምግብ ያጣ ወንድምን «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ ባዶ እጁን የሚሰድ ሰው ምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቃል። የቤት ኪራይ ያልከፈለ ሰው ፊት ቆሞ ስለ ደስታ መስበክ ከዚያው ወገን ነው። መጀመሪያ ኪራዩ!

ጳውሎስ ግን «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» ብሏል (ፊልጵስዩስ 4)። የጻፈው ታስሮ ነው። ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ተምሬአለሁ ነው ያለው፤ ሲወለድ ይዞት አልመጣም። ሁለተኛ፣ በዚያው ምዕራፍ ላይ የፊልጵስዩስ ሰዎች በአፍሮዲጡ እጅ ስለላኩለት ስጦታ ያመሰግናቸዋል። ይበቃኛል ያለው ሰው እርዳታ ተቀብሏል ማለት ነው። አንዳንዶቻችን «ተመስገን፣ ይበቃኛል» የምንለው ኩራት ይዞን ነው። ችግርህን ለሰው ንገር።

እጾማለሁ፣ እጸልያለሁ፤ ታዲያ ለምን ደስታ አይሰማኝም?

ይህን ጥያቄ እኔም ለንስሐ አባቴ አቅርቤ ነበር። ሁዳዴ ነው፣ 55ቱን ቀን አንድም ሳላጎድል ጾሜ ጨርሻለሁ፤ ውስጤ ግን እንደ ደረቀ ነው። እሳቸው ትንሽ ዝም አሉና «የጾምከውን ቁርስ ለማን ሰጠኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቁርሱን ወደ ምሳ ነበር ያዛወርኩት። ኢሳይያስ 58ን አንብብ ብለው ሰደዱኝ። እዚያ ጾም ማለት እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ስደተኛውን ድሃ ወደ ቤት ማግባት ነው፤ ብርሃኑ የሚፈነጥቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ገላትያ 5 ደስታን የመንፈስ ፍሬ ይለዋል፤ ከፍቅር ቀጥሎ ሁለተኛ ተጠርቷል። ቅደም ተከተሉ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ያም ሆኖ ሁሉንም አድርገህ ምንም የማይሰማህ ጊዜ ይኖራል። ያን ጊዜ ጸሎትህን አታቋርጥ፣ ራስህንም አትክሰስ። ድርቀቱ ከሰነበተ ግን ከታች ስለ ድባቴ ያልኩትን አንብብ።

ከሰፈሬ ተነሥቼ ዳር ወጥቻለሁ። ማንንም አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡ አንዲት እናት «ቤቱስ ይሻላል፤ ሰው ነው ያጣሁት» ብለውኛል። ይህ የአንድ ሰው ነገር አይደለም። በከተማው ዙሪያ አዲስ የተሠራ ሰፈር ሁሉ እንዲህ ነው፤ በር በብረት ይታጠራል፣ ሰላምታ በራስ ንቅናቄ ያልቃል። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» እያልን እያደግን መድኃኒቱን አሮጌው ሰፈር ጥለን መጣን።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ የቆየ መላ አላት። ሰንበቴ አለ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየተራ ዳቦና ጠላ ይዞ መምጣት ነው። የጽዋ ማኅበር አለ፤ በወር በወሩ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔዓለምን እያሉ ቤት ለቤት መዞር። ዕድር አለ። ጴንጤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ የቤት ኅብረት አላቸው፤ በሳምንት አንድ ማታ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። አንዱን ምረጥ፤ ሁሉንም አትጀምር። ዕብራውያን 10 መሰብሰባችሁን አትተዉ የሚለው ከጠባያችን አውቆ ነው፤ ድካም ሲበዛ መጀመሪያ የምንሰርዘው ሰውን ነው።

የእኛ የደረጃው ማኅበር እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ። በጠብ ነው። ውኃ የመጣ ቀን ጄሪካኖች ተደባለቁ፤ ሁለት ሴቶች በአንዲት ቢጫ ጄሪካን ተካሰሱ። ክዳኗ ላይ ምልክት አለኝ፣ የለሽም። ፎቁ በሙሉ ወጥቶ ሰማ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ምንም ሳይሉ ጀበና ጥደው ሁለቱንም ጠሩ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ አንደኛዋ የሌላኛዋን እናት እንደምታውቃቸው ተገኘ። አሁን ዘጠኝ ቤት ሆነን በየወሩ የሚካኤልን ጽዋ እንጠጣለን። ጄሪካኗ የማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ» ከተባልን ማዘን ክልክል ነው?

ክልክል ቢሆን ጌታ በአልዓዛር መቃብር ባላለቀሰ። «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ የጻፈው ጳውሎስ ራሱ ለሮሜ ሰዎች «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» ብሏል። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ተው፣ ክርስቲያን አያለቅስም» የሚል ሰው ሁለተኛውን አላነበበም።

ቤተ ክርስቲያናችን ለኀዘን ቀን መድባለታለች። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አይሰማም፤ መቋሚያና ድምፅ ብቻ ነው። በሰሙነ ሕማማት መሳሳምም የለም። ትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመለስ ምን እንደሚሰማ የሚያውቀው ዝምታውን የቆየበት ሰው ነው። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ብሎ ካህኑ ይጀምራል፤ መጨረሻው «ኮነ ፍሥሐ ወሰላም» ነው፣ ደስታና ሰላም ሆነ። ከዚያ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። 55 ቀን ጾም፣ 50 ቀን ደስታ። አምስት ቀን ጎደለብን ብለው የሚቀልዱ አሉ።

ጭንቀትና ድባቴ ሲሆንስ? ሐኪም ቤት መሄድ የእምነት ማነስ ነው?

አይደለም፤ ይህን መልስ ጮክ ብዬ ብጽፈው ደስ ባለኝ። ኤልያስ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። በማግስቱ ገደማ ዛፍ ሥር ተኝቶ «ነፍሴን ውሰድ» አለ (1ኛ ነገሥት 19)። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም፣ እምነትህ የት ሄደ አላለውም። እንቅልፍ ሰጠው። መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። ደግሞ ተኛ፤ ደግሞ አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰማንያ አሐዱ መጽሐፋችን ውስጥ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። «ጠበል ከያዝኩ መድኃኒት ላቁም?» የሚል ሰው አይጠፋም። አታቁም። የኤችአይቪ መድኃኒትን በተመለከተ ይኸው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ልብህ ከከበደ፣ ትወደው የነበረውን ነገር ሁሉ ከጠላህ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባብህ ጤና ጣቢያ ሂድ። እዚያ ካልሆነ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ሌላ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ይልኩሃል። ሞት ካማረህ ደግሞ ለነገ አታሳድር፤ አሁኑኑ ለአንድ ሰው ተናገር። ይህን የነገራችሁን ሰው ብቻውን አትተዉት፤ ይዛችሁት ሂዱ።

«ስጥ፣ ይበዛልሃል» የሚሉት ስብከት ልክ ነው?

ከሚቀበል ይልቅ የሚሰጥ ብፁዕ ነው የሚለው ቃል አለ (ሐዋርያት ሥራ 20)። ስጥና ዕጥፍ ይከፈልሃል ብሎ መድረክ ላይ ሒሳብ ማስላት ግን ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ዕቁብ ሆኗል። ዕቁብ ነውር የለውም፤ ዕቁብ በሉት እንጂ። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለመነ። «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ እንጂ አልተነሣለትም። እሱ ትንሽ ስለሰጠ ነው?

ይህን ስል ወደ ሌላው ቤት ብቻ ጣት መጠቆሜ አይደለም። በእኛም በኩል ስለትን እንደ ውርርድ ማስያዣ የሚቆጥሩ አሉ።

የሚበድሉት ሰዎች ተመችቷቸው ሳይ ምን ልበል?

መዝሙር 72ን በል (በሌላው አቆጣጠር 73 ነው)። አሳፍ በኃጢአተኞች ሰላም ቀናሁ፣ እግሬ ሊሰናከል ጥቂት ቀረው ብሎ በግልጽ ይናዘዛል። መልስ ያገኘው መቅደስ ከገባ በኋላ ነው። ያገኘውም መልስ የእነሱ መጨረሻ ብቻ አይደለም፤ «ቀኝ እጄንም ያዝኸኝ» ይላል። ቅናት ይዞህ ከሆነ አሳፍ ቀድሞሃልና አትፈር።

ትዳርና ልጅ ሳይኖረኝ ደስተኛ መሆን እችላለሁ?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ሠላሳውን ካለፉ ዘመድ ሁሉ «መቼ ነው የምንበላው?» የሚላቸው። መልሴ የአገራችን ሰው ነው። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የንግሥት ሕንደኬ በጅሮንድ ነበር፤ ግምጃ ቤቱ በሙሉ በእጁ ነው። ሠረገላ አለው። ልጅ ግን አይወልድም። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሲያነብ የነበረው ኢሳይያስ 53ን ነው። ፊልጶስ አስረዳው፣ አጠመቀው፣ ወዲያውም ተለየው። መጽሐፉ ስለ ሰውየው በመጨረሻ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ደስ ብሎት መንገዱን ይሄድ ነበር።

እኔ ሁሌ የማስበው ጥቅልሉን ወደፊት ሲዘረጋ ነው። ከ53 ሦስት ምዕራፍ አለፍ ሲል 56 ላይ «ጃንደረባም፦ እነሆ፥ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል» የሚል አለ። ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች ይልቅ የሚበልጥ ስም በቤቴ እሰጣቸዋለሁ ይላል። ከጋዛ እስከ ኢትዮጵያ መንገዱ ረጅም ነው፤ ሳያነበው አይቀርም። የሚቀጥለው ዘመድ ሲጠይቅሽ ግን ይህን ሁሉ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። «ሲደርስ ትበላላችሁ» በይውና ቡናሽን ጠጪ።

ልጄን ቀብሬአለሁ። ሰው «እግዚአብሔር ወድዶ ነው የወሰደው» ይለኛል። ከእንግዲህ ደስታ የሚባል ነገር አለ?

ይህን የጠየቀችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ደረጃው ላይ፣ ሌላ ሰው በሌለበት። ለመመለስ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ኢዮብ ዐሥር ልጆቹን ባጣ ጊዜ ሦስቱ ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩትም። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። እግዚአብሔርም በመጨረሻ የተቆጣው እነሱን ነው እንጂ ሲጮህ የከረመውን ኢዮብን አይደለም። ስለዚህ ጩኺ። «ወድዶ ነው» ለሚልሽም መልስ የመስጠት ዕዳ የለብሽም።

እኛ የምናደርገው ይህን ነው። ዕድሩ ድንኳኑን ይነቅላል፤ አርባው ይወጣል፤ ከዚያ ሰው ይቀንሳል። የሚከብደው ያ ጊዜ ነው። እኛ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ እሷ ቤት እንገባለን። መጀመሪያ አካባቢ ቡናውን ቆልተን፣ ወቅጠን፣ ጀበናም ይዘን ነበር የምንሄደው። ባለፈው ሐሙስ ስንገባ የራሷን ጀበና ጥዳ ጠበቀችን።